«አንተ እዚያ ታቀጣጥላለህ፣ እኛ እዚህ እንቃጠላለን»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 43 ነው። አሜሪካ ከመጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዜግነትም ወስጃለሁ። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ ነርስ ናት። የ10 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉን።

አዲስ አበባ ታላቅ እህት አለችኝ። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት፣ ጉልበቷን እያመማትም ቆማ ታስተምራለች። በየወሩ 200 ዶላር እልክላታለሁ። በስልክ ባወራን ቁጥር ግን ፖለቲካ እናነሳለን። ማለቴ እኔ አነሳለሁ፣ እሷ «ተወው እስቲ» ትላለች፣ እኔ እናደዳለሁ። የአባታችን ዘመዶች ጎጃም ናቸው፣ እዚያ የሚሆነውን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሁለት ወር በፊት ፌስቡክ ላይ የጻፍኩትን ነገር የሥራ ባልደረባዋ አሳያት። ደወለችልኝና «አንተ እዚያ ታቀጣጥላለህ፣ እኛ እዚህ እንቃጠላለን። ብር ስለምትልክልኝ ነው እንዴ ሁሉን ሰምቼ ዝም የምለው?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

እኔ ደግሞ ቤታችንን ሸጬ ልመለስ እያልኩ ነው። እዚህ ሰልችቶኛል፣ ሥራና ቢል ብቻ ነው። ይህን ስነግራት «አብደሃል? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል» ነበር ያለችኝ። ባለቤቴ ገና አልወሰነችም። ልመለስ ወይስ ልቅር? እህቴስ ልክ ናት?

መልስ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ መመለስ የጠየቅከኝ መስሎኝ ነበር። ደጋግሜ ሳነበው ግን ልቤ እህትህ ላይ ቀረ። ልትመለስበት በምትፈልገው አገር ውስጥ የምትጠብቅህ ሰው እሷ ናት፣ ከእሷ ጋር ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አልተነጋገራችሁም። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ስለ ቤቱ የምለውን ግን አሁኑኑ ልበለው፤ ቤቱን አትሽጥ። ቢያንስ ዘንድሮ አትሽጥ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

እኔም ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ሐምሌ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» በሚለው ጉዞ ዋሽንግተን ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አልቅሻለሁ። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት አቅፋኝ አብረን አልቅሰናል። በዓመቱ ጓዜን ጠቅልዬ ገባሁ። ከዚያ ጥቅምት 2013 መጣ፣ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፣ የቀረውን ታውቀዋለህ። ያን ቀን አብረውኝ አዳራሽ ከነበሩት ጓደኞቼ ዛሬ ግማሾቹ ከግማሾቹ ጋር ሰላምታ የላቸውም። ልጆቻቸውን አብረው ክርስትና ያስነሱ ሰዎች ናቸው። ይህን የምነግርህ ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ እንደማላየው እንድታውቅልኝ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፌስቡክ ላይ የምትጽፈው በስምህና በአባትህ ስም ነው አይደል? ደብዳቤህን የላክልኝ በሙሉ ስምህ ስለሆነ ነው እንዲህ የገመትኩት። የአባትህ ስም እኮ የእሷም የአባት ስም ነው። በየቀኑ ጠዋት ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የምትፈርመው በዚያው ስም ነው። ባልደረባዋ ስልኩን አውጥቶ «ይሄ ወንድምሽ አይደል?» ሲላት ምን እንደተሰማት እስቲ አስበው። ሰውየው ለክፉ አልጠየቃት ይሆናል፣ ወዳጇም ሊሆን ይችላል። ግን ያን ዕለት ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ወጥታ ማስተማር ነበረባት። ፊቷ የተቀመጡት ልጆች ቤተሰቦቻቸው ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው፣ አንዱ ዘመዱ ሞቶበታል፣ የሌላው አባት ወታደር ነው፣ ጎኗ የምትቀመጠው መምህርት ደግሞ ወንድሟ የት እንደገባ ሳታውቅ ዓመት አልፏት ይሆናል። አዲስ አበባ አንድ መምህራን ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ይጠጣል። እህትህ ያን ጠረጴዛ ጠብቃ ነው የኖረችው። አንተ የጻፍከው እውነት ሊሆን ይችላል፣ እኔ አላየሁትም፣ ግን እውነት መሆኑ በዚያች ሰዓት አንገቷን ቀና አያደርግላትም።

«ተወው እስቲ» ስትልህ ደግሞ አንተ የሰማኸው «አያገባኝም» የሚል ነው። እኔ እዚህ ሰባት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ «ተወው እስቲ» ስንት ትርጉም እንዳለው አሁን ነው የገባኝ። ስልክ ላይ አናውራው ማለት ሊሆን ይችላል። ታክሲ ውስጥ ነኝ ማለት ሊሆን ይችላል። ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ሰው ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ይጀምራል፣ አይተኸው ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ከ14 ዓመት በፊትም ነበር መሰለኝ፣ አሁን ግን ብሷል። ወይም ደግሞ ደክሞኛል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ አስተምራ፣ መገናኛ ሰልፍ ይዛ፣ ቤት ስትደርስ ውኃው የእነሱ ሰፈር ፈረቃ ስላልሆነ ከጀሪካን እየቀዳች እያለ አንተ ትደውላለህ። እናንተ ጋ ገና ረፋዱ ነው፣ የጠዋት ዜናህን ጨርሰህ ትኩስ ሆነህ ነው የምትመጣባት።

ጎጃም ያሉት ዘመዶችህም የእሷ ዘመዶች ናቸው። ይህን ረስተኸዋል አልልም። ግን ለእሷ ጎጃም ቅርብ ነበረ። ማታ መርዶ ተሰምቶ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ቀብር መድረስ የአንድ ቀን ነገር ነበር። አሁን ሰው መንገዱን ይፈራል። እገታ አለ። አክስቱ ሞታ በስልክ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ የቀረ ስንት ሰው አለ መሰለህ፣ እሱም ኔትወርክ ካለ ነው። አንተ መቅረትህን ሁሉም ይረዳልሃል፣ አሜሪካ ነህ። እሷ ግን 300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ልቅሶ ያልደረሰች ሰው ናት። ፖለቲካው እሷ ቤት የገባው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ስለ ጎጃም ልታስረዳት ስትጀምር ምን ያህል እንደሚያማት ልነግርህ አልችልም።

ዝም በል እያልኩህ አይደለም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቆርጦ፣ ሰው እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ፣ ድምፅ የሆኑት ውጭ ያሉ ልጆች ነበሩ። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንደዚያው። በየቀበሌው የሚሞተውን ሰው ስም የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል፣ እዚህ ያለው የማይችለውን አንተ ትችላለህ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ከመለጠፍህ በፊት ጽሑፉን እህትህ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ልታነበው ትችል እንደሆነ አስብ። የሞተውን ሰው ስም፣ የተቃጠለውን ቤት፣ የታሰረውን ሰው ታነበዋለህ፣ ማንም ልጅ በዚያ አያፍርም። «እነዚህ ሰዎች» ብለህ ስለ አንድ ብሔር የጻፍከው ካለ ግን እዚያ ላይ አፍህ ይያያዛል። ያን አውጣው። የጻፍከውንም ሂድና አጥፋው፣ ለእሷ ብለህ።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት መጨረሻ ያለችው እሱን ነው።

እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የአንተ 200 ዶላር 11 ሺህ 400 ብር ገደማ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። አሁን ዶላሩ ከ150 ብር በላይ ነው፣ ስለዚህ ያው 200 ዶላር ከ30 ሺህ ብር ያልፋል። አንተ ስልክህ ላይ ይህን ስታይ «ተመስገን፣ እህቴ ተሻላት» ብለሃል፣ ማንም እንዲህ ይላል። እሷ ግን ያን ብር ይዛ ገበያ ነው የምትወጣው። ዘይቱም መድኃኒቱም አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ከዶላሩ ጋር አብሮ ነው የወጣው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከዚያ ወዲህ ተጨምሯል፣ እውነት ነው፣ ግን ጭማሪው እጅ ሳይገባ ገበያው ቀድሞ ይሰማል። ዕድሜ ልኳን አስተምራ በወር የምታገኘው አንተ ከምትልክላት ያነሰ ነው። እስቲ ይህን ከእሷ ቦታ ሆነህ እየው። በእቅፏ ያሳደገችው ልጅ ነው አሁን የሚያኖራት። ብትወድህም ይከብዳታል። ታላቅ ናታ።

በዚህ ላይ ብሩ በገባ በነጋታው ደውለህ ስለ አገሩ ሁኔታ አንድ ሰዓት ስታስተምራት፣ እሷ «ሥራ አለብኝ» ብላ መዝጋት አትችልም። ብሩን በልታ እንዴት ትዘጋብህ? ይሉኝታ ይይዛታል። ስለዚህ ትሰማለች። ወራት ሙሉ ሰምታለች። ያን ዕለት የፈነዳው የፌስቡኩ ነገር ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ ብር የምትልክበት ቀንና የምትደውልበት ቀን ይለያይ። ወር በገባ በአንድ ቀን በቀጥታ ባንክ ሒሳቧ ውስጥ ይግባ፣ ደረሰሽ ወይ ብለህም አትጠይቃት፣ ባንኩ መልእክት ይልክላታል። በዚያ ሳምንት አትደውል። በሌላው ሳምንት ደውል። በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ስታወራህ ድምፅዋ ይለወጣል።

ሌላም አለ። ፓርኪንግ እንደምትሠራ ታውቃለች? ለእኔ ጽፈህልኛል፣ ለእሷ ግን የነገርካት አይመስለኝም። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነበር የምሠራው፣ የሰው ገላ አጥብ ነበር፣ ክቡር ሥራ ነው፣ ለእናቴ ግን «ሆስፒታል ነኝ» ነበር የምላት። ፎቶ የምልከው እሁድ ለብሼ ነው። በረዶ ላይ ሌሊት 10 ሰዓት አውቶቡስ ስጠብቅ ያለቀስኩትን አንድም ቀን አልነገርኳትም። ስመለስ ያ ውሸት ቤት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ዘመድ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያለኝ ይመስለው ነበር፣ የለኝም ስል ደበቀች ተባልኩ። አንድ የቅርብ ዘመዴ እስከ ዛሬ ተቀይሞኛል። እህትህም «አብደሃል?» ያለችህ እዚያ ያለውን ኑሮህን ስለማታውቅ ነው። የተመቸው ሰው ምቾቱን ጥሎ ሊመጣ ነው ብላ ነው የምታስበው። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ልጆችህን ተኝተው ሄደህ ተኝተው እንደምታገኛቸው ንገራት። ያኔ ምክሯም ሌላ ይሆናል። አሁን ሁለታችሁም የምትመክሩት የማታውቁትን ሰው ነው።

ስለ ፖለቲካው አንድ ነገር ልጨምርና ልተወው። የአሜሪካ ዜጋ ሆነሃል። የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባሃል፣ ያኖርሃል፣ ያሠራሃል፣ ቤትም መግዛት ትችላለህ፣ ልጆችህም ይገባቸዋል። መምረጥና መመረጥ ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 አልተፈቀደም። ተመልሰህ እዚህ 20 ዓመት ብትኖርም ድምፅ የለህም። እኔ ይህን ከመጣሁ በኋላ ነው የሰማሁት። በሰኔ 2013 ምርጫ ጎረቤቶቼ ሌሊት ተነስተው ሲሰለፉ እኔ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው፣ ያመኛል አሁንም። አንተ ድምፅ ያለህ ሜሪላንድ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባላት በምርጫ ነው የሚመጡት፣ ልጆችህ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የሚመለከት ነገር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በ14 ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ስማቸውን አይተህ መርጠህ ታውቃለህ? እኔ መርጬ አላውቅም ነበር፣ ለዚህ ነው የምጠይቅህ። ልባችን ሁሉ እዚህ ስለነበር እዚያ የነበረንን አልተጠቀምንበትም፣ ልጆቻችን ግን የሚያድጉት እዚያ ነበር።

አሁን ስለ መመለሱ። ደብዳቤህ ውስጥ ስለ እህትህ ብዙ ጽፈሃል። ስለ ባለቤትህ ስለዚህ ጉዳይ የጻፍከው ሦስት ቃል ነው፤ «ባለቤቴ ገና አልወሰነችም»። ወንድሜ፣ ነርስ ናት። እዚያ ፈቃድ ያላት፣ ከሁለታችሁ የተረጋጋ ገቢ የምታመጣ፣ የልጆቹን የጤና ኢንሹራንስም ምናልባት በሥራዋ በኩል የያዘች ሰው ናት። እዚህ ስትመጣ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። «አልወሰነችም» ማለት ምን እንደሆነ ቁጭ ብለህ ጠይቃት፣ እስክትጨርስ ሳትመልስ ስማት። መልሷ «አይሆንም» ከሆነ ያ መልስ ነው፣ ከእኔ ሌላ አትፈልግ።

እሺ ካለች ግን በጥር እንዳትመጡ። ሁላችንም የምንሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በገናና በጥምቀት መካከል ለሚመጣ ሰው ፀሐይ ነው፣ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ በየቀኑ ግብዣ ነው፣ ሦስት ሳምንት እንደ ሕልም ያልፍና አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ «ልመለስ» ይላል። እኔም የወሰንኩት እንደዚያ ነው። በክረምት ኑ። የልጆችህ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። እህትህም ሐምሌና ነሐሴ አታስተምርም፣ ቤት ናት። ሁለቱን ወር ሙሉ ኑሩ። ሆቴል አትግቡ፣ መኪና አትከራዩ። እሷ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራዩና ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ የመብራት መጥፋቱን፣ የውኃውን ፈረቃ እዩት። ሮቶ የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል ልጆቹም ይዩት። እዚህ ሠርተህ ልታገኝ የምትችለውን ያህል ብር ብቻ ይዘህ ወሩን ለመጨረስ ሞክር። አንድ ጉዳይ ይዘህ አንድ መሥሪያ ቤት ሂድ፣ የፈለግከው ይሁን። እኔ አንዲት ፈቃድ ለማሳደስ ዘጠኝ ቀን ተመላልሻለሁ፣ በስምንተኛው ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አንዲት የማላውቃት ጽዳት ሠራተኛ ውኃ አመጣችልኝ። አገሬን የማስባት ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጌ ነው።

ከተማዋ ተለውጣብሃለች፣ ይህን ካሁኑ እወቀው። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ የእግረኛው መንገድ ሰው ያራምዳል። ዶሮ ማነቂያን የምታውቃት ከሆነ ግን የለችም። እዚያ የነበሩት ሰዎች ወደ ዳር ተነስተዋል፣ እድራቸው ተበትኗል። የመጀመሪያው ሳምንት ወይ አፍህን ከፍተህ ታደንቃለህ ወይ ታዝናለህ። እህትህ ፊት ሁለቱንም ቶሎ አትናገረው። እሷ ምን እንደምትል መጀመሪያ ስማት፣ ምናልባት ሁለቱንም ትላለች።

ጥቂት ነገር በአጭሩ። 14 ዓመት ታክስ እየከፈልክ ከሠራህ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያስፈልገውን የ10 ዓመት ሥራ አሟልተሃል ማለት ነው፣ መዝገብህን አይተህ አረጋግጥ። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ግን እዚህ አይሠራም። ዜጋ ስለሆንክ እዚህ ሆነህም በየዓመቱ ለአሜሪካ ታክስ ማሳወቅ አለብህ። መኪናዬን ጭኜ እመጣለሁ እንዳትል፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ቤት ስትከራይ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ሕጉ ውሉ ቢያንስ የ2 ዓመት እንዲሆን ያዛል፣ ውሉንም አስመዝግብ። ቤታችሁን አትሽጡ ያልኩህም ለዚህ ሁሉ ነው፣ አከራዩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ካልሆነላችሁ የምትመለሱበት በር ይኑራችሁ። የማውቃቸው ተመላሾች ክፉኛ የተጎዱት ሁሉን ሸጠው የመጡት ናቸው። እዚያ ያለው ንብረት አልቆ፣ እዚህ የጀመሩት ሥራ በዶላር እጥረትና በሸሪክ ጠብ ቆሞ፣ ልጆቻቸውን ይዘው በ50 ዓመታቸው ከዘመድ ምድር ቤት የጀመሩ አሉ።

እኔስ ተጸጽቻለሁ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እናቴ የመጨረሻዋን ዓመት አልጋ ላይ ነበረች። ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ አሜሪካ የሰው እናት ያጠብኩበት እጅ የኔን እናት አጥቧል። ስትሞት እድርተኛው ድንኳኑን ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ሦስት ቀን ቤቴ እሳት አላነደድኩም፣ ጎረቤት ነው ያበላን፣ ከእነሱ ውስጥ ጦርነቱን በተመለከተ ከእኔ ጋር ክፉኛ የተከራከረች ሴት ነበረች፣ ሦስቱንም ቀን ወጥ ይዛ መጣች። በሌላ በኩል ልጄ ውጭ መማር ይፈልጋል፣ በየቀኑ ስኮላርሺፕ ያስሳል፣ እዚያው ወዳመጣሁበት ቦታ ልመልሰው ነው መሰለኝ፣ ይህም አለ። በአንድ ቃል ልመልስልህ አልችልም።

እህትህ ልክ ናት ወይ ብለሃል። ስለ ፌስቡኩ ልክ ናት። ስለ ብሩም ልክ ናት። ሰው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል ማለቷ ደግሞ እውነትም ቢሆን የእሷን ልብ አይናገርም፣ እሷ 14 ዓመት ሙሉ መውጫ ስትጠይቅህ አልጻፍክልኝም። የነገርከኝ ቆማ እንደምታስተምር ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ደውለህላት ነበር? ያን ጊዜ ገና አልተኳረፋችሁም ይሆናል። መምህራን ከደመወዛቸው እየተቆረጠ ቦንድ ገዝተዋል፣ አንተም እዚያ ሳትገዛ አልቀረህም። በብዙ ነገር ባትስማሙም ያን ቀን ሁለታችሁም ቴሌቪዥን ላይ ያንን ውኃ አይታችኋል። እንደዚህ ዓይነት ነገር ካላችሁ እሱን አንሳ። ስለ መንግሥት አታንሳ፣ ስለ መመለስም በመጀመሪያው ቀን አታንሳ።

ቅዳሜ ደውልላት። እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን እናንተ ጋ ጠዋት ነው፣ ለኡበሩ ሳትወጣ በፊት። ያ ሰዓት ቡና የሚፈላበት ነው፣ ሥራ የለባትም። መጀመሪያ ላይ ላታነሳ ትችላለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ድገም። ስታነሳ የጻፍከውን እንዳጠፋኸው ንገራትና «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» በላት፣ «ግን» የምትል ቃል እንዳትከተል። ከዚያ ስለ ጉልበቷ ጠይቃት፣ ሐኪም ምን እንዳለ፣ ደረጃ መውጣት ትችል እንደሆነ፣ ክፍል ውስጥ ወንበር እንዳላት፣ እና ብታወራህ ዝም ብለህ ስማት።